እንጨቱን አይረግጥም

ሐይቅ ዳር፣ ወሎ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀይደር፣ ጂዛን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይሰውርህ። እኔ አጎትህ ሙሐመድ ኑር ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጄ ራውዳም ደህና ናት። ይህን የምጽፈውን እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። በድምፅ ተናገርና ልላክልህ ትለኛለች፤ ድምፅ ለጠብና ለለቅሶ ነው፣ ቁም ነገር በወረቀት ነው እላታለሁ።

ያጠባችህ እናትህ ጌጤነሽ በገበያ ቀን ከማዶ ስትሻገር፣ ሽንኩርቷን ሳታወርድ ነው “ከልጄ ምን መጣ?” የምትለኝ። እህቴ አንተን ወልዳ በሳምንቷ ስታልፍ የጌጤነሽ ጡት ባይኖር፣ ዛሬ የምጽፍለት ሰው ባልኖረኝ ነበር። ካንተ ወሬ ባጣሁ ቀን እንኳ “ደህና ነው ብሏል” እላታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ዋርካው ሥር ወደብ ሠራን። ወደብ ስልህ አትሳቅ፤ ባሕር ዛፍ ተክለን ሳንቃ የመታንበት፣ ጀልባ የሚታሰርበት መውረጃ ነው። እንጨቱንም ጉልበቱንም የሰጠው የእኛ ቀበሌ ሰው ነው። የድሮውን ታውቀዋለህ፤ ቀድሞ የመጣ ዋርካው ሥር ያስራል፣ ሁለተኛው በእሱ ጀልባ ላይ ያስራል፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ። የኋለኛው “በጀልባችሁ ልለፍ” እያለ ጀልባ በጀልባ ተራምዶ ይወርዳል። ቀድሞ የመጣው ልሂድ ሲል ደግሞ ሁሉም መፍታት አለበት። ባለፈው ክረምት በዚሁ ነገር መቅዘፊያ ተማዝዘው አንዱ ሁለት ጥርሱን አጥቷል።

የወደቡን ኮሚቴ እንድመራ እኔን መረጡኝ። አንተ የዓረብ ወደብ ላይ ዘብ ስለሆንክ፣ እዚያ ሰው ጀልባውን እንዴት ተካፍሎ እንደሚያስር ጻፍልኝ። በተሰበሰብን ጊዜ አነበዋለሁ።

አጎትህ ሙሐመድ ኑር


ጂዛን፣ ባሕር ዳር
ጥቅምት 21 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ሙሐመድ ኑር

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ። አያ፣ አላህ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ዕድሜዎን እንደ ሐይቁ ያርዝመው። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ማታ ከባልደረባዬ ከለሚ ጋር ሆነን ነው ያነበብነው። የጥርሱ ነገር ሲመጣ ለሚ ሳቁን መግታት አቃተው። እነሱም አገር እንዲሁ ነው አለኝ።

እኔ ያለሁበት ማርሳ ትንሽ ናት። ማርሳ የሚሉት ጀልባ የሚታሰርበትን ነው። ዳማድ በሚሉት ገጠር ማሽላ ከማጭድበት፣ ሳብያ ከተማ አደባባይ ላይ የቀን ሥራ ፍለጋ እንደ በግ ተሰልፌ ከምቆምበት ዘመን ይሄ ይሻላል። ቢያንስ ነፋስ አለው።

ሕጉ መግቢያው ላይ በሰሌዳ ተጽፏል። እያንዳንዱ ጀልባ ቦታው ይታወቃል። በአንድ ገመድ አይታሰርም፣ ከፊትም ከኋላም ነው፤ በሰው ገመድ ላይ ገመድ የደረበ ይፈታበታል። ዓሣውን ያወረደ ሰው እንጨቱን ይዞ ወሬ አያወራም፤ ወጣ ብሎ ባሕሩ ላይ መልሕቁን ይጥላል፣ ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ነፋስ ሲነሳ ትንንሾቹ ወደ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ወደ ውጭ ይሆናሉ። የዓሣ ሆድዕቃ ሳንቃው ላይ አይታጠብም፣ ያንሸራትታል።

የመጨረሻው ዋናው ነው። የማርሳው ሰው ያልሆነ ገመድ አያስርም፣ እንጨቱንም አይረግጥም። ሰላሙም ንጽሕናውም ከዚህ ነው የሚመጣው። እዚህ በዚህ ሕግ ሲከራከር ያየሁት ሰው የለም።

እማ ጌጤን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወፍሯል በሏት።

ልጅዎ ሀይደር


ሐይቅ ዳር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኩራታችን ለሀይደር

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አላህ ስምህን በመልካም ያስጠራው፤ ጠላትህን ዓይኑን ወደ መሬት ይመልስልህ።

ጁምዓ ተሰግዶ ሲወጣ የጻፍከውን ዋርካው ሥር አነበብኩት። አንድም ሰው አልሳለ። “ይሄ ከሐረም ጎረቤት የመጣ ሕግ ነው” አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ጂዛንና መካ አንድ ቀበሌ መስሎት። አላረምኩትም፣ ነገሩን አከበረልኝ። ሁሉም እጁን አውጥቶ ተቀበለው። ዙሌካ ብቻ ነች “የማዶ ሰዎችስ?” ያለችው። ጎረምሳው ኢስሀቅ “እንጨት አላዋጡ!” ብሎ መለሰላት። አባል ያልሆነ አያስርም፣ አይረግጥም ብለን አጸደቅነው። ኢስሀቅን ዘብ አደረግነው። ልጆቹ “የሐይቁ ሀይደር” ይሉታል፣ እሱም ደስ ብሎት ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

አሁን የጎደለን መግቢያውን የምንዘጋበት ሰንሰለትና ቁልፍ ነው። የእኛው ገበያ ያለው በአንድ ክረምት ይዝጋል። የባሕር ሰው የሚጠቀምበትን ዓይነት ላክልን።

ጌጤነሽን አላገኘኋትም። የልጇ ሚስት ልትወልድ ደርሳ ከቤት አልወጣችም አሉ።

አጎትህ


ጂዛን
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ይድረስ ለአያ

አላህ ጤናና ሰላም ያብዛልዎ። ሰንሰለቱንና ቁልፉን እዚህ አብሮኝ የነበረው ያገራችን ልጅ ሪድዋን ወደ አገር ሲገባ አስይዤዋለሁ። ዝገት አይነካውም።

እግሬን ትንሽ ስላመመኝ ብዙ አልጽፍም። አይጨነቁ፣ የጫማ ነገር ነው።

አያ፣ የማዶዎቹን ነገር ቀስ ብላችሁ ብታዩት ምን ይመስልዎታል? እኔ የጻፍኩት የዚህን አገር ነው። ለእናንተ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሀይደር


ሐይቅ ዳር
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀይደር

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ እግርህን ያሽርልህ። በባዕድ አገር ታሞ ከመተኛት ይሰውርህ።

ሰንሰለቱ ደርሶ ተዘርግቷል። ወደቡ ሥርዓት ይዟል፣ ጠብ ጠፍቷል። ደላሎቹም ጀልባው በተራ ሲመጣ ደስ ብሏቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት የማዶ ሴት መጣች። አባል አይደለችም። ኢስሀቅ በሕጉ መሠረት ከለከላት። ሴትየዋ ጭነቷን እስኪረከቧት ጀልባዋን ይዛ ውሃው ውስጥ ቆመች። ትንሽ ቆየች መሰለኝ። ሰው አንዳንድ ነገር አለ። እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ለአንድ ቀን ይላላል ወይስ አይላላም? የአንተን ቃል ብሰማ ልቤ ያርፍ ነበር።

ቶሎ መልስልኝ።

ሙሐመድ ኑር


ጂዛን
ጥር 17 ቀን 2017

ይድረስ ለአያ ሙሐመድ ኑር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ቤትዎን አላህ በበረካ ይሙላው።

አያ፣ ልብዎ ይረፍ። አይላላም። ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል፣ ነገ መቅዘፊያው ተመልሶ ይመዘዛል። እዚህ ሙዲሩ፣ አለቃው ማለቴ ነው፣ ማንም ቢለምነው “ኸላስ” ካለ አለቀ። ውሃ ውስጥ መቆም ደግሞ ሰው አይገድልም። ሴትየዋም ትለምደዋለች። ኢስሀቅ ጥሩ አደረገ በሉልኝ፤ ዘብ እንደሱ ነው።

ከእማ ጌጤ ሰላምታ ካጣሁ ቆየሁ። የልጇ ሚስት በሰላም ተገላገለች? ምነው ስለሷ ዝም አሉኝ?

ልጅዎ ሀይደር


ሐይቅ ዳር
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀይደር

ጾምህን አላህ ይቀበልህ። ረመዳን ሊወጣ ነው፣ እኔ ግን ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ዒድ ልሰግድ አልቻልኩም። ደብዳቤህን ካገኘሁ ሁለት ወር አልፎኛል። እጄ ወረቀት ላይ አልሄድ ብሎኝ ነው።

ያቺ የማዶ ሴት ጌጤነሽ ናት።

የልጇ ሚስት ወንድ ወልዳ፣ ደስ ብሏት የአራስ ጥሪ ልትነግረን ጭምር ነበር የመጣችው። ኢስሀቅ ሰንሰለቱን ስቦ “አባል አይደለሽም” ሲላት የቀለደባት መስሏት ሳቀች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዋርካው ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። “ሙሐመድ ኑር፣ እስቲ ይሄን ልጅ ንገረው” አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ባለፈው ገበያ ሌላ የማዶ ሰው በዚሁ ሕግ መልሻለሁ፤ ዛሬ ለዘመዴ ባላላ ምን ይሉኛል አልኩ በሆዴ። “ሕጉ ለሁሉም ነው” አልኳት።

ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ወረደች። የምታስርበት ስላጣች ጀልባዋን በእጇ ይዛ ነጋዴውን ጠበቀች። የጥር ውሃ መሆኑን አትርሳ። ከጉልበቷ በላይ ነበር። ወርጄ ጀልባዋን ልይዝላት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። የቀትሩን ዙሁር ሰግደን ስንወጣ እዚያው ቆማለች። የሰገድኩትን ሶላት አላህ ይቀበለው አይቀበለው እሱ ያውቃል።

ልትሄድ ስትል “ይህን ሕግ ማን አመጣው?” አለች። ኢስሀቅ ነው “ያንቺው ሀይደር ነዋ!” ያላት፣ ደስ የሚላት መስሎት። መቅዘፊያዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣችም። ስለ አራሷም የሰማነው ከሌላ ሰው ነው።

የጥር ወሩን ደብዳቤ እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩልህ፣ አንተ “ልክ ነው” ስትለኝ ሸክሙን ለሁለት ልንይዘው ብዬ ነው። “ትለምደዋለች” ያልከውን ሳነብ ፊቴን ከራውዳ አዞርኩ። ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የደበቅሁህ እኔ ነኝ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። “ሕጉ ከእኔ አይደለም፣ ከወረዳ የመጣ ነው፣ ኢስሀቅ ተሳስቶ ነው” ብለህ ጻፍላት። ኢስሀቅን እኔ አሳምነዋለሁ። ውሸት ነው። በረመዳን ውሸት ጻፍ እያልኩህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የእሷ ልጅ መሆንህን ከምታጣ ይሻላል ብዬ ነው።

አጎትህ


ጂዛን
ግንቦት 2 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ሙሐመድ ኑር

አላህ ከእርስዎ ጋር ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ስልክ አጥቼ አይደለም። ሰባት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ለሚ “ወይ ጻፍ ወይ ተኛ” ብሎ ተቆጣኝ።

ከወረዳ ነው ብዬ አልጽፍም፣ አያ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሕጉ ከእኔ ወጥቷል። ደግሞም በትክክል አልጻፍኩላችሁም። ሰሌዳው ላይ “የማርሳው ሰው ያልሆነ” የሚል የለም። “ኢቃማ የሌለው ሠራተኛ እንጨቱን አይረግጥም” ነው የሚለው። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። እኔ የለኝም። ለሚም የለውም። ሕጉ የተጻፈው ለእኛ ነው።

ዘብ አይደለሁም። ጀልባ አጣቢ ነኝ። ከማርሳ ሥራ አገኘሁ ብዬ ስጽፍ ዘብ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ስሙ ስለጣመኝ ዝም አልኩ። ጀልባ ሲመጣ ሌላው ሳንቃው ላይ ቆሞ ገመድ ይይዛል፣ እኔና ለሚ ከታች ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገባችን ቆመን እናጥባለን። የዓሣውን ሣጥን በራሳችን ላይ አሻግረን እንሰጣለን። የቁጥጥር መኪና መጣ ሲባል ሳንቃው ሥር እንገባለን። ከላያችን የሚሄደውን ሰው በጫማው ድምፅ እናውቀዋለን። ያንን ማርሳ እኔ የማውቀው ከሥሩ ነው። አንድ ቀን እንኳ ላዩ ላይ ቆሜ አላውቅም። እግሬን ያመመኝም ጫማ አይደለም። እዚያ ጫማ አናደርግም።

“በዚህ ሕግ ሲከራከር ያየሁት የለም” ብዬ ነበር። ሊከራከር የሚገባው እኔ ነበርኩ፣ ምን አፍ ኖሮኝ? “ውሃ ውስጥ መቆም ሰው አይገድልም” ስልም ለራሴ የምለውን ነው ለእናንተ የጻፍኩት። ሴትየዋ ማንም ብትሆን እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። እማ ጌጤ ስትሆን ደግሞ፣ አያ፣ ወላሂ የገዛ ፊቴን መንካት አስጠላኝ። ጡቷን ያጠባችኝን ሴት እኔ የምቆምበት ቦታ አቆምኳት። ለራሴ የጠላሁትን ሕግ አሳምሬ፣ የዓረብ ጥበብ ነው ብዬ ላክሁላችሁ። እዚህ ከሥር ሆኜ፣ እዚያ ከላይ የቆምኩ እንዲመስላችሁ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ራውዳ ወደቡ ላይ ቆማ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እማ ጌጤ ባለችበት ታንብበው። አንዱንም ቃል አትዝለል። የሚስቅ ይሳቅ። ሪድዋን አብሮኝ ስለነበረ ሁሉን ያውቃል፣ ውሸት ከመሰላችሁ ጠይቁት።

ሀይደር


ሐይቅ ዳር
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀይደር

አላህ ባለህበት ይቁምልህ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ለብቻዬ አንብቤ አጠፍኩት። አይነበብም ብዬ ነበር። ስምህ ለእኔም ስም ነበር፤ ዋርካው ሥር ስቀመጥ “የወደቡ ዘብ አጎት” እየተባልኩ ነው። ራውዳ ነች “እሱ ያላፈረውን አንተ ልታፍርለት ነው?” ያለችኝ። ልጅ ሆና አሳፈረችኝ። በማግስቱ ራሷ ቀዝፋ ማዶ ሄደችና ጌጤነሽን ለምና አመጣቻት።

ሰው ወደቡን ሞልቶት ነበር። ኢስሀቅ ሰንሰለቱን ፈትቶ እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። እንጨቱን አልረግጥም፣ ገመድም አላስርም፣ እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ ብላ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠች። ነፋስ ስለነበር ጀልባዋ መሄድ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ። ኢስሀቅ እኔ ልውረድ አለ፣ እምቢ አልኩት። ጀልባዋን ያዝኩላትና ራውዳ ማንበብ ጀመረች።

የሳቀ የለም። ሳንቃው ሥር እንገባለን የሚለው ላይ ስትደርስ ኢስሀቅ ወደ እግሩ ሥር አየና ከእንጨቱ ወርዶ መሬት ላይ ቆመ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። ራውዳ ብቻዋን ቀርታ ጨረሰችው። ሪድዋን ከኋላ ሆኖ “እውነት ነው” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። የማዶ ሰው እንደ ጥንቱ እንዲያስር እዚያው ተስማማን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር ያደረግነው፤ ተራውን ብቻ ብናስተካክል ይበቃን ነበር።

ጌጤነሽን አውፍ በይኝ ብዬ ለመንኳት። እሷ “ውሃው ይቀዘቅዛል?” አለችኝ።

ለእኔ ያዘነችልኝ መሰለኝ። “አይ፣ ደህና ነው፣ ለምጄዋለሁ” አልኳት።

“ይሄንንማ ቆሜበት አውቀዋለሁ” አለችኝ። “የልጄን ነው የምጠይቅህ።”

አላወቅሁም። ዞሬ ሰዎቹን አየሁ፣ ማንም አያውቅም። ይኸው ስንት ዓመት ሰላም ነህ ወይ እያልን ጻፍንልህ፤ ላክልን፣ ንገረን፣ አስተምረን አልን። የት ቆመህ እንደምትውል የጠየቀህ ሰው የለም። እሷ በገበያ ቀን ሁሉ ስትጠይቀኝም እኔ ከራሴ አውጥቼ ነበር የምመልስላት።

መልሱን ሳልይዝ ወደ ማዶ አልሻገርም ብላ ከራውዳ ጋር እኔ ቤት አድራለች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ስጽፍ ታየኛለች። ይቀዘቅዛል ወይ?

ሙሐመድ ኑር